ቦረቦሩን ከመንካታችሁ በፊት፦ ለተፋሰስ ፕሮጀክት የሚሆን መረጃ፣ ባለሙያና ገንዘብ አፈላለግ

በየዓመቱ መኸር ተሰብስቦ ሲያልቅ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣልኛል። «ቀበሌያችንን ቦረቦር እየበላው ነው። ፕሮጀክት ልንጽፍ ነው። ምን እናንብብ?» ጠያቂዎቹ ሰነፎች አይደሉም። ብዙዎቹ ስልካቸው ላይ ሃምሳ ስድሳ ፒዲኤፍ አጠራቅመዋል። ዕቅድ ግን የላቸውም። ካላቸውም ስለ ዓለም ሙቀት አራት ገጽ ተጽፎ ስለራሳቸው ቦረቦር አራት መስመር የለበትም።

መረጃ ሞልቷል። የሚያሰናክላቸው ቅደም ተከተሉ ነው። ከኢንተርኔት ይጀምሩና ስለ ሌላ አገር ተራራ በተጻፈ ሰነድ ይጠመዳሉ። ከቦረቦሩ ተነሥታችሁ ወደ ሰነዱ ከሄዳችሁ የሚያስፈልጋችሁ ፋይል አሥር አይሞላም።

እዚህ የማሳያችሁ የደጋና የወይና ደጋ ተዳፋት መሬትን ነው። ቆላና አርብቶ አደር አካባቢ ያላችሁም ደረጃዎቹን መከተል ትችላላችሁ፤ ዘዴውና ዝርያው ግን ይለያል።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- አንድ ወፍራም ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ በዝናብ ይፈሳል።
- ጂፒኤስ ያለው ስልክ፣ ከትርፍ ባትሪ ጋር።
- 10 ሜትር ሲባጎ፣ በሴንቲሜትር የተሰመሩ ሁለት እኩል ዘንጎች፣ ሲባጎ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ የውሃ ልክ። የውሃ ልኩ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ይገኛል።
- በሳምንት አንድ ቀን ላፕቶፕና ኢንተርኔት።
- ቢያንስ ሁለት ሰው። አንዱ የቦታው ተወላጅ ይሁን።

ጊዜው ስድስት ሳምንት ነው። ጥቅምት ላይ ጀምሩ። የአፈርና ውሃ ጥበቃ ዘመቻው ጥርና የካቲት ላይ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ችግኝ ደግሞ ለሐምሌ እንዲደርስ ወራት ቀድሞ መዘራት አለበት። መጋቢት ላይ ፍለጋ የጀመረ ሰው ዘመቻው አምልጦታል፤ ለሌሎቹ ሁለቱም ይዘገያል።

አንድ የስም ነገር። ዛፍ፣ ሣር፣ እርከንና ክለላን (መሬቱን ከከብትና ከቆረጣ መከልከልን) ተጠቅሞ ጎርፍና ድርቅን መቋቋም በዓለም አቀፍ ሰነዶች «ተፈጥሮን መሠረት ያደረገ መፍትሔ» ይባላል። ወረዳ ላይ «ተፋሰስ ልማት» ነው፤ ተፋሰስ ማለት ውሃው ወደ አንድ መውረጃ የሚሰበሰብበት መሬት ነው። ስትፈልጉ ሁለቱንም ስም ተጠቀሙ፤ በአንዱ ብቻ ከፈለጋችሁ ግማሹ ሰነድ ይቀርባችኋል።

## ደረጃ 1፦ ጥያቄዎቹን በአንድ ገጽ ጻፉ

ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስፍሩ፦

1. ውሃው ከየት ይነሣል?
2. በአንድ ከባድ ዝናብ ምን ያህል ይወርዳል?
3. መሬቱ የማን ነው? ማንስ ከብት ያሰማራበታል?
4. ለዚህ ተዳፋትና ለዚህ አፈር የትኛው ዘዴ ይሆናል?
5. ምን ይተከላል? ችግኙስ ከየት ይመጣል?
6. ማን ይከፍላል? ከሦስት ዓመት በኋላ ማን ይጠብቀዋል?

ከእያንዳንዱ ሥር ግማሽ ገጽ ባዶ ተዉ። ከዚህ በኋላ ሕጉ አንድ ነው፦ ከስድስቱ አንዱን የማይመልስ ሰነድ አታውርዱ። ያወረዳችሁትን ደግሞ የትኛውን ጥያቄ እንደመለሰ በቁጥሩ ሰይሙት። «4 ክትር» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ፋይል ከሁለት ወር በኋላም ይገኛል። ክትር ማለት ቦረቦር ውስጥ ውሃውን ለማዘግየት የሚካብ ትንሽ ግድብ ነው።

## ደረጃ 2፦ ከታች ወደ ላይ በእግር ሂዱ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ አትዝለሉት።

ከቦረቦሩ ጫፍ ከታች ጀምሩ። ውሃው የሚከፈልበት ከፍታ ላይ እስክትደርሱ ድረስ ውጡ። የሚመች ከሆነ አንድ ጊዜ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ዝናብ እየጣለ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በበጋ ሂዱ። በበጋ ብቻ ከሆነ ጎርፉ ቁጥቋጦ ላይ ሰቅሎት የሄደውን ገለባ ፈልጉ። ገለባው የተንጠለጠለበት ከፍታ ውሃው የደረሰበት ነው። በሜትር ለኩት።

ለምን እንዲህ እንደምጨክን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለአንድ ቦረቦር የክትር ቦታዎችን ከካርታ ላይ መረጥኩ። ካርታው ንጹሕ ነበር። ቦታው ላይ የቆየሁት ግን ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ከላይ በኩል አዲስ የተሠራ መንገድ አለ፤ የመንገዱ የውሃ ቱቦ ደግሞ የጎረቤቱን ተዳፋት ውሃ ሰብስቦ ወደኛ ቦረቦር ይለቃል። ይህ ካርታ ላይ የለም። በመጀመሪያው ክረምት ከሠራናቸው ክትሮች አብዛኞቹ ተጠረጉ። ሰዉ ድንጋዩን በሸክም ነበር ያመጣው። የዚያን ዓመት የገበሬዎቹን ፊት አልረሳውም።

ስትሄዱ እነዚህን መዝግቡ፦

- የቦረቦሩን ራስ፣ ማለትም ወደ ላይ እየበላ የሚሄድበትን ጫፍ፣ በጂፒኤስ። ስልኩ የሚያሳየው የስህተት መጠን ወደ 5 ሜትር እስኪወርድ ቆማችሁ ጠብቁ።
- መንገድ፣ የእግር መንገድ፣ የከብት መሄጃና ቱቦ። ብዙ ቦረቦር የተጀመረው ከከብት መንገድ ነው።
- ምንጭ ካለ ቦታውንና የሚደርቅበትን ወር።
- የቦረቦሩን ስፋትና ጥልቀት፣ ቢያንስ አምስት ቦታ ላይ።
- ፎቶ፣ ከማይንቀሳቀስ ድንጋይ ወይም ከትልቅ ዛፍ ሥር ቆማችሁ። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ቆማችሁ ትደግሙታላችሁ።

ተዳፋቱን እንዲህ ለኩ። ሁለት ሰዎች ዘንግ ይዘው 10 ሜትር ይራራቁ። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ሲባጎውን በሁለቱም ዘንጎች ላይ እኩል ቁጥር ላይ ያዙ። የውሃ ልኩን መሐል ላይ አንጠልጥሉ። ከላይ ያለው ሰው አረፋው መሐል እስኪገባ ሲባጎውን ዝቅ ያድርግ። በሁለቱ ዘንጎች ላይ ያሉት ቁጥሮች ልዩነት 1.20 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 12 በመቶ ነው። ሲባጎው ከረገበ ልኬቱ ይዋሻል፤ ወጥሩት። መሬቱ በጣም ቀጥ ያለ ከሆነና ዘንጉ ካልበቃ ሲባጎውን 5 ሜትር አድርጉና ውጤቱን በሁለት አባዙ።

ሽማግሌ ጠይቁ። ጥያቄው ግን የሚጨበጥ ይሁን። «የአየር ንብረት ተቀይሯል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ «አዎ ተቀይሯል» ከማለት ውጭ ምን ይባላል? አንድ ጊዜ እትዬ ብዬ የምጠራቸውን እናት «ልጅ ሳሉ ይህን ቦረቦር ይዘሉት ነበር?» አልኳቸው። ሳቁና «መዝለል ምን ያደርጋል፣ እርምጃ ነበር እኮ» አሉኝ። ከዚያ የተዳሩበትን ዓመት፣ የመጀመሪያ ልጃቸው የተወለደበትን ዓመት እያነሡ ቦረቦሩ በየትኛው ጊዜ የማን ማሳ ጋ እንደደረሰ በጣታቸው አሳዩኝ። ብዙው የሳተላይት ምስል ያን ያህል ወደኋላ አይሄድም።

## ደረጃ 3፦ ወረዳው ያለውን ውሰዱ

የሚቀጥለው ጉዞ ወደ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ተፈጥሮ ሀብት ክፍል ነው። ከቀበሌ ደብዳቤና ባዶ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ሳያውቅ ከላይ ከመጣችሁበት በኋላ ላይ አይተባበራችሁም፤ ልክም ነው።

«መረጃ ስጡን» አትበሉ። በስም ጠይቁ፦

- የንዑስ ተፋሰሱ ወሰንና የልማት ዕቅድ ሰነድ።
- ያለፉት ሦስት ዓመታት የዘመቻ ሪፖርት።
- የግብርና ሚኒስቴር በ1997 ያወጣው ማኅበረሰብ አቀፍ አሳታፊ የተፋሰስ ልማት መመሪያ። ሁለት ክፍል አለው። ሁለተኛው ክፍል የየዘዴውን ልክ፣ የሚሆንበትን ቦታና የሚፈጀውን የሰው ቀን (አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው ሥራ) የያዘ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማግኘት ከቻላችሁ ሁለተኛውን ውሰዱ።
- በአካባቢው ያሉ የችግኝ ጣቢያዎች ዝርዝር።

ከዚያ ይህን ጠይቁ፦ «ከዚህ በፊት እዚህ ቦታ ምን ተሠርቶ ፈረሰ?» መልሱ ሪፖርት ላይ አይጻፍም። ባለሙያው ግን ያውቀዋል።

ስለ ዓመተ ምሕረት ተጠንቀቁ። ይህ መመሪያ በአማርኛ ሰነድ 1997፣ በእንግሊዝኛ ሰነድ 2005 ተብሎ ነው የሚጠቀሰው። ሁለት የተለያየ ሰነድ መስሏቸው ሲፈልጉ የከረሙ ሰዎች አውቃለሁ።

ሕጉንም እዚያው ያዙ። ሁለት አዋጅ ያስፈልጋችኋል። አንደኛው አዋጅ ቁጥር 1223/2012 ነው። ስለ አሳታፊ ተፋሰስ ልማትና ስለ ተፋሰስ ተጠቃሚዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ይደነግጋል። የተከለለው መሬት ላይ የሚበቅለውን ሣር ማን ይወስዳል የሚለው ጠብ ሳይነሣ በፊት አንብቡት። ሁለተኛው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ነው። የቀድሞው 456/1997 በ1324/2016 ተተክቷል። አሮጌውን ይዘው የሚከራከሩ ዛሬም አሉ። አዲሱን ያዙ፤ የክልላችሁን አዋጅም ጨምሩ።

«የለም» ከተባላችሁ፦ ተስፋ አትቁረጡ፤ ፋይሉ ብዙ ጊዜ ከተዛወረ ባለሙያ ጋር ሄዷል። ከእናንተ በፊት የነበረውን የልማት ሠራተኛ ስልክ ፈልጉ። ካልሆነ ዞን ሂዱ። ሁለት ሳምንት ከጠበቃችሁ በኋላ ካልተገኘ ወደ ደረጃ 4 እለፉ፤ በእግር የመዘገባችሁት ያስኬዳችኋል።

## ደረጃ 4፦ ካርታውን ራሳችሁ ሥሩ

ጉግል ኧርዝ ፕሮን ላፕቶፕ ላይ ጫኑ። ነፃ ነው። በቀበሌ ስም አትፈልጉ፤ ስሞቹ በላቲን ፊደል በየዓይነቱ ይጻፋሉ። ከደረጃ 2 የመዘገባችሁትን የጂፒኤስ ቁጥር አስገቡ።

1. የጊዜ ማንሸራተቻውን ክፈቱ። የድሮ ምስሎችን አንድ በአንድ እዩ። ደመና ስለሚያንስ የኅዳር እስከ የካቲት ምስሎችን ምረጡ።
2. በእያንዳንዱ ምስል ላይ የቦረቦሩን ራስ በምልክት ያዙ።
3. በማስመሪያው ርቀቱን ለኩ። ራሱ በ6 ዓመት 18 ሜትር ከተጓዘ፣ በዓመት 3 ሜትር እየበላ ነው። ይህን አንድ ቁጥር ዕቅዳችሁ መጀመሪያ ላይ ጻፉ። ከየትኛውም የዓለም ሙቀት ግራፍ በላይ ሰው ያሳምናል።
4. የተፋሰሱን ወሰን በእግር እንዳያችሁት አስምሩና ስፋቱን በሄክታር አንብቡ።

ከፍታና ተዳፋት በቀለም የሚያሳይ ካርታ ከፈለጋችሁ ኪውጂአይኤስ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌርና ባለ 30 ሜትር የከፍታ መረጃ ተጠቀሙ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ከተደረገው የመንኮራኩር ቅኝት የተገኘውም ሆነ ኮፐርኒከስ የሚባለው በነፃ ይወርዳል። ዕፅዋቱ በየወሩ እንዴት እንደሚለዋወጥ ለማየት ሴንቲነል-2 የሚባሉት ሳተላይቶች በ5 ቀን አንዴ ባለ 10 ሜትር ምስል ያነሣሉ፤ ይህም ነፃ ነው።

ማስጠንቀቂያ 1። የ30 ሜትር መረጃ አንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው። 4 ሜትር ስፋት ያለው ቦረቦር እዚያ ውስጥ አይታይም። ሰፊውን ተፋሰስ ለማየት ተጠቀሙበት፤ የክትር ቦታ ግን በፍጹም አትምረጡበት።

ማስጠንቀቂያ 2። የቀድሞዎቹ 1 ለ50,000 የአገራችን የወረቀት ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የቦታ መለኪያ ሥርዓት ነው። ስልካችሁ የሚያነበው ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱን ሳትቀይሩ ካደባለቃችሁ ነጥባችሁ ወደ 200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። ምንጩ ተራራው ማዶ ከታያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ኪውጂአይኤስ ውስጥ የካርታውን ሥርዓት «አዲንዳን፣ ዩቲኤም ዞን 37» ብላችሁ አስተካክሉ። አብዛኛው ማዕከላዊና ሰሜናዊ ደጋ ዞን 37 ውስጥ ነው፤ ምዕራብና ምሥራቅ ጫፍ ላይ ያላችሁ 36ን ወይም 38ን እዩ።

## ደረጃ 5፦ ዝናቡን ወደ ሜትር ኩብ ቀይሩ

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ቅርንጫፍ በደብዳቤ ጠይቁ። የቅርባችሁን ጣቢያ የቀን ዝናብ መዝገብ እንደምትፈልጉ በግልጽ ጻፉ። የወር ድምር ብቻ ከሰጧችሁ ለጎርፍ ስሌት አይሆንም።

ጣቢያው ሩቅ ከሆነ ወይም መዝገቡ ከተቋረጠ ቺርፕስ የሚባለውን መረጃ ጨምሩበት። የሳተላይትና የጣቢያ መረጃን ያጣመረ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1981 ጀምሮ አለ፤ አንዱ ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክላይሜት ኢንጂን በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ነጥቡን መርጣችሁ በግራፍ ማየት ትችላላችሁ። በልግ መቼ እንደሳሳ፣ ክረምት መቼ እንደዘገየ ለማየት ጥሩ ነው። የአንድ ሰዓት ውርጅብኝን ግን አያሳይም። ቦረቦር የሚቆፍረው ደግሞ ያ ነው። ስለዚህ የሽማግሌዎቹን ምስክርነትና ገለባው የተሰቀለበትን ከፍታ አትጣሉ።

አሁን ሒሳቡ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ከቦረቦሩ በላይ ያለው መሬት 20 ሄክታር ነው እንበል። በአንድ ከሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ዘነበ፦

40 × 10 × 20 = 8,000 ሜትር ኩብ

መሬቱ ተራቁቶ ግማሹ ቢወርድ 4,000 ሜትር ኩብ ወደ ቦረቦሩ ይገባል። 3 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋትና ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው አንድ ትሬንች (ውሃ የሚያቁር ቦይ) 0.75 ሜትር ኩብ ይይዛል። ሁሉንም በትሬንች ልያዝ ካላችሁ ከ5,300 በላይ ያስፈልጋል።

ይህን ሒሳብ ስብሰባ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሩት። «ቦረቦሩ ውስጥ አራት ክትር ይበቃናል» የሚለው ክርክር እዚያው ያበቃል። ሥራው ከላይ፣ ከተራራው እንደሚጀመር ሰው ራሱ ይናገራል።

## ደረጃ 6፦ ዘዴውን ከመሬታችሁ ጋር አመሳክሩ

አሁን ኢንተርኔቱን ክፈቱ። መጀመሪያ ዎካትን እዩ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1992 ጀምሮ የተለያዩ አገሮች የመሬት እንክብካቤ ዘዴዎች የሚመዘገቡበት ነፃ የመረጃ ቋት ነው። አገር ብላችሁ «ኢትዮጵያ» ምረጡ። ከኮንሶ የድንጋይ እርከን ጀምሮ ብዙ ታገኛላችሁ።

አንዱን ዘዴ ስትከፍቱ ከመግቢያው አትጀምሩ። በዚህ ቅደም ተከተል አንብቡ፦

1. ተዳፋት፣ ከፍታ፣ የዓመት ዝናብና የአፈር ጥልቀት። ከአራቱ ሁለቱ ከእናንተ የማይመሳሰሉ ከሆነ ዝጉት።
2. የሰው ጉልበትና ወጪ። ከ1997ቱ መመሪያ የሰው ቀን መለኪያ ጋር አስተያዩት።
3. ድክመት የተጻፈበት ክፍል። ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚያ ነው።
4. ሥዕሉን። ልኬቱን ደብተራችሁ ላይ ገልብጡ።

የድንጋይ ክትር ለምትሠሩ። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ስለበዛ ትንሽ ልቆይ። የክትሮቹን ርቀት በዓይን ግምት አትወስኑ። የላይኛው ክትር እግር ከታችኛው ክትር ማፍሰሻ ከንፈር (ውሃው ከሚያልፍበት መሐል) ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። የቦረቦሩ ወለል ተዳፋት 10 በመቶ፣ የክትሩ ከፍታ ከመሬት እስከ ማፍሰሻው 1 ሜትር ከሆነ ርቀቱ 10 ሜትር ነው። በዚያው የውሃ ልክ ታረጋግጡታላችሁ። የክትሩ መሐል ከዳርና ዳሩ ዝቅ ይበል፤ ውሃው በመሐል ይለፍ። መሐሉና ዳሩ እኩል ከሆነ ውሃው ዳሩን ዞሮ ግድግዳውን ይበላል። መሠረቱን ግማሽ ሜትር ቆፍሩ፤ ሁለቱንም ዳር ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ አስገቡ። ውሃው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ድንጋይ አንጥፉ።

ክትሩ በመጀመሪያው ዝናብ ከተሰበረ፦ እዚያው ላይ መልሳችሁ አትካቡ። የተሰበረበትን ቦታ እዩ። ዳሩ ከሆነ ወደ ግድግዳው የገባው አንሷል። እግሩ ከሆነ የድንጋይ ንጣፉ ጎድሏል ወይም ርቀቱ በዝቷል። ከላይ እስከታች ሁሉም ከሄዱ ከላይ ያላያችሁት ውሃ አለ። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

## ደረጃ 7፦ ዝርያውን ከችግኝ ጣቢያው በፊት ምረጡ

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ችግኝ ጣቢያው ያለውን ይሰጣል፤ ማኅበሩም የተሰጠውን ይተክላል። ለዚህ ነው ባህር ዛፍና ግራቪሊያ በየቦታው የምናየው።

ቬጀቴሽን ማፕ ፎር አፍሪካ የሚባል ነፃ ካርታ አለ። ኢትዮጵያን ያካትታል። ቦታችሁን ስታመለክቱ በተፈጥሮ የነበረውን የዕፅዋት ዓይነት ይነግራችኋል፤ ለዚያ የሚስማሙ ዛፎችንም በጥቅማቸው ይዘረዝራል። የዓለም አቀፉ የጥምር ደን ምርምር ማዕከል ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ያሳተመው መጽሐፍ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ስማቸውን፣ የሚበቅሉበትን ከፍታና የዘር አያያዛቸውን ይዟል። በፒዲኤፍ ይገኛል።

ከዚያ የመጣውን ዝርዝር ለእናቶችና ለእረኞች አንብቡላቸው። የትኛውን ከብት ይበላዋል? የትኛው ለማገዶ ይሆናል? የትኛው ድሮ እዚህ ነበር? የተጣራው ዝርዝር ከስድስት ዝርያ ባይበልጥ ይመረጣል።

ጊዜውን ወደኋላ ቁጠሩ። መትከያው ሐምሌ ነው። ዝግባና ወይራ ለመብቀልም ለማደግም ዘገምተኛ ናቸው፤ ጥቅምት ላይ ካልተዘሩ ለሐምሌ አትጠብቋቸው። የግራር ዘር ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ ሳይዘራ በፊት በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ይፈልጋል። ሰስፓንያ ፈጣን ነው። ለቀዝቃዛ ደጋ ትሪ ሉሰርን ጥሩ ነው፤ ለመኖም ይሆናል። የእርከን ጫፍ ላይ ዴሾ ሣር ትከሉ፤ እያጨዱ ለከብት መስጠት ስለሚቻል ሰው ይንከባከበዋል። ቬቲቨር ሣር ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አጠጋግታችሁ በመስመር ከተተከለ አፈር አጥብቆ ይይዛል። ውርጭ ያለበት ደጋ ላይ ግን ይደክማል። ቬቲቨር የሚራባው ተገንጥሎ በሚተከል ግንጣይ ስለሆነ ዘር ይሸጥልኛል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትግዙ።

ከምትፈልጉት ቁጥር 20 በመቶ ጨምራችሁ እዘዙ። ከመትከል በፊት ውሃውን ቀንሰው ለፀሐይ እንዲያለማምዱት ለጣቢያው ንገሩ።

ሁለት ቦታ ላይ እምቢ በሉ። ምንጭ አጠገብ ባህር ዛፍ እንትከል ሲባል፣ እና በደረቅ ቆላ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ሲቀርብላችሁ። ፕሮሶፒስ አፋር ውስጥ በረሃማነትን እንዲከላከል ገብቶ የግጦሽ መሬቱን ወርሯል። ቶሎ የሚያድግ ሁሉ ወዳጅ አይደለም።

የፈለጋችሁት ዝርያ ችግኝ ከሌለ፦ ዘሩን በኢትዮጵያ ደን ልማት ወይም በክልሉ የደን ተቋም በኩል ጠይቁ። ቀበሌው ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ደን ካለ ከአለቃው ፈቃድ አግኝታችሁ ዘር ልቀሙ። ያም ካልሆነ መትከሉን ለአንድ ዓመት አዘግዩና ቦታውን ከልሉት። በሁምቦ፣ ወላይታ፣ ከ2,700 ሄክታር በላይ የሆነ ተራራ ያገገመው በአብዛኛው በአዲስ ተከላ ሳይሆን ከአሮጌ ጉቶና ሥር የበቀለውን በመጠበቅና በመግረዝ ነው። መሬታችሁ ላይ በከብት የተቆረጠመ የቁጥቋጦ ጉቶ ካለ ይህ መንገድ ከችግኝ ይረክሳል።

## ደረጃ 8፦ አንድ ቦታ ሄዳችሁ እዩ

ሰነድ ሲበቃችሁ አምስት ሰው ይዛችሁ የሠራ ቦታ ጎብኙ። ከመንደራችሁ የሚቀርበውን ምረጡ። ትግራይ ውስጥ አብርሃ ወአጽብሃ በ2012 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዓለም አቀፉን የኢኳተር ሽልማት ያገኘ ቀበሌ ነው፤ ታሪኩን ማንበብ ይጠቅማል። ለጉብኝት ግን የጎረቤት ወረዳ ይበልጣል፤ አፈሩም ዝናቡም ይመሳሰላል። ከቡድኑ ውስጥ ክለላውን የሚቃወም ከብት አርቢ አንድ ይኑር። እዚያ ሲደርስ የሚጠይቀው ጥያቄ እናንተ ያላሰባችሁት ነው።

## ደረጃ 9፦ ገንዘቡን በመጠኑ ልክ ፈልጉ

መጀመሪያ ጉልበትን ቁጠሩ። የዘመቻው የሰው ቀን በገንዘብ ሲተመን የፕሮጀክቱ ትልቁ ወጪ ተሸፈነ ማለት ነው። ማመልከቻ ላይ የማኅበረሰቡ አስተዋጽኦ ብላችሁ በቁጥር ጻፉት።

- ወረዳችሁ ሴፍቲኔት ካለው፦ የሕዝብ ሥራው የሚታቀደው በተፋሰስ ነው። ዕቅዳችሁን ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ስጡ። ሌላ ገንዘብ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።
- ትንሽ ገንዘብ፦ የዓለም አካባቢ ፋሲሊቲ የአነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ለማኅበረሰብና ለሲቪል ማኅበራት በቀጥታ ይሰጣል። በኢትዮጵያ የሚሠራው በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል ነው። ጥሪው ክፍት መሆኑን በስልክ ሳታረጋግጡ አትጻፉ።
- የአረንጓዴ አየር ንብረት ፈንድ፦ አንድ የቀበሌ ማኅበር በቀጥታ አያመለክትም። እውቅና ባለው ተቋም በኩል ነው፤ በአገራችን ገንዘብ ሚኒስቴር አንዱ ነው። እናቀናብርላችኋለን ብሎ ክፍያ ከሚጠይቅ ሰው ራቁ።
- የትውልድ አካባቢ ማኅበራት፦ ዋሽንግተንም ሆነ ሪያድ ያሉ ልጆቻችሁ ለትምህርት ቤት ያዋጣሉ፤ ለቦረቦርም ያዋጣሉ። የደረጃ 4ን የድሮና የአሁን ምስል ጎን ለጎን አድርጋችሁ ላኩ። የጠየቃችሁትም ተቆጥሮ የሚገዛ ይሁን፦ ጋቢዮን ሽቦ (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሣጥን)፣ አካፋ፣ የችግኝ ከረጢት።

## ደረጃ 10፦ ከማስገባታችሁ በፊት ፈትሹ

የዓለም ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ተፈጥሮን መሠረት ላደረገ መፍትሔ ያወጣው መመዘኛ 8 መስፈርቶች አሉት። ነፃ የራስ መገምገሚያ ቅጽም አለው። ለጋሾች ስለሚያውቁት ሙሉት። ስትሞሉት ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳል የሚለው ጥያቄ ላይ ጊዜ ስጡ። ክለላ ሲደረግ መጀመሪያ የሚጎዳው መሬት የሌለው፣ ሁለት ፍየል ያለው ሰው ነው። ለእሱ በጽሑፍ መልስ ከሌላችሁ ዕቅዱ አላለቀም። የሚያጭደው ሣር ድርሻ፣ የንብ ቀፎ ማስቀመጫ፣ ወይም የጥበቃ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ስድስቱን ጥያቄዎች ክፈቱ። ባዶ የቀረ ግማሽ ገጽ ካለ ወደዚያ ደረጃ ተመለሱ። ከሞላ ዕቅዱን በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ በስብሰባ ላይ ከፍ ባለ ድምፅ አንብቡት። እንግሊዝኛው ከዚያ በኋላ ይጻፋል።

ሦስት ቅጂ አዘጋጁ፦ አንድ ለቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ለወረዳ፣ አንድ ለማኅበሩ። ፎቶዎቹንና የጂፒኤስ ቁጥሮቹን በፍላሽ አድርጋችሁ ከቀበሌው ቅጂ ጋር አያይዙ። ሽፋኑ ላይ የመጀመሪያውን የቆጠራ ቀን ጻፉ፦ ጥቅምት፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ። ያን ዕለት የጸደቀውን ችግኝ ትቆጥራላችሁ፣ የቦረቦሩን ራስ ትለካላችሁ፣ ከዚያው ድንጋይ ላይ ቆማችሁ ፎቶውን ትደግማላችሁ።